ቆጣሪ አንባቢው ሻይመርደን ሰባተኛ አባቱን ሊማርክ እንደ ዘመተ

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ የግራ ጉልበቱ ማመም በጀመረ በሁለተኛው፣ ሚስቱ ራውሻን «ሥራ ፈልግ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ አትዙርብኝ» ብላ ባወጀች በመጀመሪያው ዓመት፣ በጎች ከተራራ በሚወርዱበት ወራት፣ ኃያሉና ትዕግሥተኛው የቃሊ ልጅ ሻይመርደን፣ በታላስ ወንዝ ዳር ያሉ የአርባ ሁለት መንደሮች የመብራት ቆጣሪ አንባቢ የነበረው፣ ዘጠኝ ጊዜ በውሻ ተነክሶ ዘጠኝ ጊዜ የተነሣው፣ ሰባተኛ አባቱን ይማርክ ዘንድ ዘመተ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ጀግናው ኤልዶስ የሚባል ልጅ ነበረው። ኤልዶስም የጡብ ፋብሪካ ጌታ የሆነውን፣ ሁለት የወርቅ ጥርስ ያለውን፣ ሲስቅም ሁለቱ እንዲታዩለት አፉን ወደ ግራ የሚጎትተውን የሙርዛህሜትን ልጅ መሩየርትን ወደደ፤ እርሷም ወደደችው። ሁለቱ አባቶች በአንድ ዳስታርካን፣ ማለት በማዕድ ጨርቅ፣ ዙሪያ ተቀምጠው የበግ ሥጋ በተመገቡ ጊዜ ሙርዛህሜት ጥርሶቹን አሳየና፣ «እንግዲህ ቁዳ፣ አማቼ ሆይ፣ ዝምድናችንን ለማጽናት በመተጫጨቱ ቀን እንደ ደንቡ አባቶቻችንን በሰው ፊት እንቆጥራለን። ሰባት ቤት ካልተራራቁ ጋብቻ የለም። በእኛ በኩል አንድ ባቱር አለ፣ ስመ ጥር ጦረኛ ነው። በእርስዎ በኩልስ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሻይመርደንን የባዝራ ወተቱ ትን አለው። ስድስቱን ያውቃቸው ነበርና፦ ቃሊ፣ ኢስታይ፣ ቤክሙራት፣ ጆላን፣ ሳቁል፣ ታናት። ከታናት በላይ ግን ምንም አልነበረም። በዚያ አገር ደግሞ ሰባት አባቱን የማይቆጥር ሰው ከየት እንደ በቀለ የማይታወቅ ተብሎ ይታማል፤ ለልጁም የሚድርለት አያገኝም። ስለዚህ ጀግናው አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ «በቀኑ ይሰማሉ፤ ምን ያስቸኩልዎታል?» ብሎ መለሰ። ቀኑም አርባ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

ወእምዝ ወደ ቤቱ ተመልሶ በወጥ ቤቱ መካከል ቆመና እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ጠረጴዛ የታሪክ ጠረጴዛ ነውና ማንም ሳህን እንዳያስቀምጥበት፣ ሻይም እንዳያፈስበት! ይህን የተላለፈ በእኔ ላይ እንዳመፀ ይቆጠራል!»

ራውሻንም አዋጁን ከሰማች በኋላ፣ «እሺ የኤልዶስ አባት፣ እራቱን ጭንህ ላይ ላቅርብልህ?» አለች። ያን ቀን ማታ እራት የተበላው በመስኮት ደፍ ላይ ነው።

በማግስቱም ሰፈሩን ነቅሎ ወደ አውራጃው መዝገብ ቤት ገሠገሠ። የተከተሉትም ሠራዊት እነዚህ ናቸው፦ ሁለተኛ ማርሽ የማትቀበለዋ ሰማያዊዋ ላዳ፤ ባለ ብዙ ካሬ የተማሪ ደብተር አምስት፤ ቆጣሪ ሲያነብበት የኖረው አጉሊ መነጽር፤ አንድ ፔርሙስ ሻይ፤ ራውሻን «በልተህ ካልሄድክ ከጸሐፊዎቹ ጋር ትጣላለህ» ብላ በፎጣ የቋጠረችው ባውርሳክ፣ ዘውእቱ በዘይት የተጠበሰው ሊጥ፤ እንዲሁም ቀበሌው ድረስ ሸኝቶ በራሱ ፈቃድ የተመለሰው ውሻ።

በመዝገብ ቤቱም ደጅ ጦርነቱ ጸና። መጀመሪያ ቅጽ ሙላ አሉት፤ ሞላ። ቅጹ የአምናው ነውና የዘንድሮውን ሙላ አሉት፤ ሞላ። ከዚያም ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ከምሳም በኋላ የቁልፉ ባለቤት ለቅሶ ሄደ። ጀግናው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ሰው የለም» የሚሉ ቤቶችን ሲያንኳኳ የኖረ ነውና አልተበገረም። በሦስተኛው ቀን ሲያስል የሚውል አንድ ጸሐፊ በሩሲያ ዛር ነገሥታት ዘመን የተጻፈ አንድ ቢጫ ወረቀት አመጣለት። በላዩም «ጆላን የሳቁል ልጅ፣ ሳቁል የታናት ልጅ፣ ታናት የ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጥ በልታዋለች።

ሻይመርደን በአጉሊ መነጽሩ ቀዳዳውን ለግማሽ ሰዓት ያህል አነበበው። በዚያ ወረቀት ላይ መቶ ስልሳ ስም ነበረ፤ አይጢቱ የወደደችው ግን ያንን አንዱን ብቻ ነው። ጀግናውም በመዝገብ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ አይጢቱን ከነዘር ማንዘሯ ረገማት፤ እርሷም ቢሆን ሰባት አባቷን አታውቅም ብሎ ራሱን ለማጽናናት ሞከረ። ጸሐፊው አዘነለትና ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ይህን ያህል አንጀትዎን አይቁረጡት። እዚህ ዝርዝር ላይ የማንም ያልሆነ ባቱር አለ፤ ቶልጋንባይ ባቱር ይባላል። ልጅ ይኑረው አይኑረው አልተጻፈም። የሚጠይቀውም የለ፣ ይውሰዱት» አለው።

ሻይመርደንም ተቆጣ። እኔ የሰው አባት አልሰርቅም አለ። ስሙን ግን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በደረት ኪሱ ከተተው፤ ለምን እንደ ከተተው ያን ጊዜ ራሱም አላወቀም።

ሐዘንተኛ ሆኖ በተመለሰ ጊዜ ራውሻን ጫማውን እየተቀበለችው፣ «ለምን አፓን አትጠይቃትም? እሷ ታውቃለች» አለችው። አፓ የምትባለው የአባቱ ታላቅ ወንድም ሚስት፣ ቦዩን ተሻግሮ ባለው ቤት የምትኖር የሰማንያ ስምንት ዓመት ባልቴት ናት። ሻይመርደን እናቱ ከሞተች ወዲህ በእርሷ እጅ ነው የበላው፤ ሱሪውንም የሰፋችለት እርሷ ናት። ነገር ግን ለአባቶች ታሪክ ሴት ትጠየቃለች ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ቦዩን ለመሻገር ሁለት ቀን ፈጀበት።

አፓም ነገሩን ሰምታ ደረቅ አይብ እያኘከች አየችው። «ረሳችሁት እንዴ?» አለች። «እናንተ ወንዶቹ?»

«ያውቁታል እንዴ፣ አፓ?»

«አሳምሬ ነዋ። አልጠራውም እንጂ።»

የዚህም ምክንያቱ ይህ ነው። በዚያ አገር ምራት የባሏን አባቶች ስም በአፏ አትጠራም፤ ነውር ነው። አፓ በአሥራ ሰባት ዓመቷ በገባች በሦስተኛው ቀን አማቷ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣ እንዳትጠራቸው የተከለከለችውን ስሞች ሁሉ አንድ በአንድ አስጠናቻት፤ ሰው የማያውቀውን ስም እንዴት ይሸሻል? ስሙን መጥራት የተፈቀደላቸው ወንዶች ሁሉ ረሱት፤ መጥራት የተከለከለችው ሴት ግን ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖረች።

ሻይመርደንም የአፓን ምላስ ከበበ፤ ከበባውም ዘጠኝ ቀን ቆየ። በመጀመሪያው ቀን ለመነ። በሦስተኛው ቀን እስኪርብቶ አቀበላት፤ «እጅስ ምላስ አይደለም?» ብላ መለሰችለት። በአምስተኛው ቀን ስሞችን እየጠራ ራሷን በመነቅነቅ እንድትመልስ አዘዛት፤ አንገቷን ሳታነቃንቅ እንቅልፍ ወሰዳት። በዘጠነኛው ቀን ጀግናው ኮቱን ለብሶ፣ የሠራተኛ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ሰክቶ መጣና በደጃፏ ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እኔ የቃሊ ልጅ ሻይመርደን፣ ዛሬ የዚህ ቤት ታላቅ ወንድ እኔ ነኝና፣ በሥልጣኔ የአፓን ምላስ ነፃ አውጥቻለሁ! ከእንግዲህ ማንኛውንም ስም ትጥራ!»

«ማንን ነው ነፃ ያወጣኸው?» አለች አፓ።

«እርስዎን ነዋ!»

«አፓ ስም ነው እንዴ? የመንደሩ አሮጊት ሁሉ አፓ ነው። አዋጅ በስም ነው የሚነገረው። ስሜ ማነው?»

ሻይመርደን ስድስት የሞቱ ሰዎችን ስም፣ የሁለቱን የፈረስ ስም ሳይቀር፣ በቃሉ ይወጣል፤ እጇን እየላሰ ያደገባትን ሴት ስም ግን አያውቅም። አፓም ምንም ሳትቆጣ፣ «ሂድ፣ ፈልግ። ፍለጋ እኮ ትወዳለህ» አለችውና በሩን ዘጋች። ያን ቀን ጀግናው እስከ ዛሬ ካፈረው ሁሉ ይልቅ አፈረ።

ወእምዝ የሕያዋንን ስም ፍለጋ ዘመተ፤ ይህም ከሙታኑ ይልቅ ከበደው። ለእኅቱ ስልክ ደወለ፤ «አፓ ናታ! ሌላ ምን ስም አላት?» አለችው። የጎረቤቱን ሽማግሌ ጠየቀ፤ «የዳውሌት ሚስት» አለው። ባሏ ዳውሌት ምን ብሎ ይጠራት እንደ ነበር ቢጠይቅም «አንቺዬ» ይላት ነበር አሉት። በመጨረሻ የጡረታ ደብዳቤ የምታድለው የፖስታ ሴት ብስክሌቷን አቁማ፣ «ካምሻት ናት እኮ! በየወሩ ታስፈርመኝ የለ እንዴ፣ እኔ ነኝ የማስፈርማት ማለቴ ነው። አንተ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪዋን ስታነብ ደረሰኙ ላይ ምን ብለህ ነበር የምትጽፈው?» አለችው። እርሱም «የዳውሌት ቤት» ብሎ ነበር የሚጽፈው።

አዋጁም በአዲስ ወረቀት ተጻፈ፤ «ካምሻት» የሚለው በትልቅ ፊደል፣ ከሥሩም ፊርማና ቀን። ሻይመርደን በደጃፏ ቆሞ አነበበው። አፓ «ድገመው» አለች፤ ደገመው። «ስሙን ብቻ ድገመው» አለች፤ ደገመው። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ያ ስም በዚያ ግቢ በሰው ድምፅ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበርና። እርሷም ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ፣ አጣጥፋ በብብቷ ከተተችና ተናገረች።

«ታናት የኩንቢኬ ልጅ ነው» አለች።

«ኩንቢኬ የሴት ስም አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ሴት ናታ! ባሏ ብርድ በመታው ዓመት ሞተባት፤ ታናት ገና መዳሁን አልጀመረም። የባሏን ወንድም አላገባም ብላ በሁለት ላም ሦስት ልጅ አሳደገች። ልጆቹን ሰው ሁሉ የኩንቢኬ ልጆች ይላቸው ነበር፤ እንደዚያው ቀረ።»

«የባሏስ ስም?»

«የባሏን ስም ሚስት ትጠራለች እንዴ? ደህና ምራት ነበረች፤ ሳትጠራው ሞተች። ልጆቹ ከማን ይስሙት?» አለች አፓ።

ጀግናውም ወሽመጡ ቁርጥ አለ። አርባ ሁለት መንደር ያንቀጠቀጠ ሰው፣ ሙርዛህሜት ባቱር ሲቆጥር፣ እርሱ ሁለት ላም ያላት ባልቴት ሊቆጥር ነው! በአራተኛው ቀን እጁ ወደ ደረት ኪሱ ገባ፤ ቁራጯንም ወረቀት አወጣ።

በዚያም ሳምንት ለማተሚያ ቤት አዋጅ ሄደ፤ «የሻይመርደን የአባቶች መዝገብ» የተባለ ባለ ሃያ አራት ገጽ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ላይ ፈረሰኛ ያለበት፣ ሦስት መቶ ቅጂ ታተመ። በሰባተኛው ገጽም «ታናት የጀግናው የቶልጋንባይ ባቱር ልጅ» ተብሎ ተጻፈ። ራውሻን ሳጥኑን ከፍታ ገጹን አነበበችና፣ «አፓ የነገረችህ ይሄን ነው?» አለች።

«ሴት ሰባተኛ አባት ሆና አታውቅም» አላት።

«ሰባተኛ እናት ግን ትሆናለች። አላስተዋልክም እንጂ ሁሉም ከእናት ነው የወጣው፣ ፈረሰኛውም ጭምር» አለችና ወደ ሊጧ ተመለሰች።

የመተጫጨቱም ቀን ደረሰ። ከሁለቱም ወገን ሰማንያ ሰው ተቀመጠ፤ ሥጋና የተቀቀለ ሊጥ የሆነው ቤስባርማክ በትሪ በትሪ ገባ፤ የበጉ ራስ ለጉባኤው ሽማግሌ ለኦራዛሊ ቀረበ፤ መጽሐፉም ለእያንዳንዱ እንግዳ በር ላይ ታደለ። ሙርዛህሜት ቀድሞ ተነሣ። አራቱን አባቶቹን በፍጥነት አለፋቸው፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን እንደ ሆዱ ነፋውና፣ «አምስተኛ አባታችን፣ ቶልጋንባይ ባቱር!» አለ። የቀሩትን ሁለቱን ማንም አልሰማቸውም፤ ጭብጨባው ሸፈናቸው። የሙርዛህሜትም ጥርሶች ሁለቱም ታዩ።

ሻይመርደን እንደ ተቀመጠ ቀረ። ያ የሚያስለው ጸሐፊ ለስንት ሰው እንዳዘነ ያን ጊዜ ገባው።

ሽማግሌው ኦራዛሊ መጽሐፉን እያገላበጠ ነበርና በሰባተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ። በጣቶቹ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። «ልጆች» አለ፣ «ይህ እኮ አንድ ሰው ነው። የሁለታችሁም አባት አንድ ባቱር ነው። ለሙሽሪቱ ለመሩየርት ስድስተኛ ቤቷ ነው፤ ሰባት አልሞላም። ወንድምና እኅት ልታጋቡ ነው እንዴ? ይህ ጋብቻ አይሆንም፤ ሥጋውን ብሉና ተነሡ።»

መሩየርት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ኤልዶስ አባቱን ብቻ ያይ ጀመር። ሻይመርደን አንድ ቃል ቢናገር ልጁ ይድናል፤ ግን ያቺ ቃል በሰማንያ ሰው ፊት «ዋሽቻለሁ፣ አባቴ ሴት ናት» የምትል ነበረች። ውሻ ዘጠኝ ጊዜ ያልበገረው ጀግና ትሪው ላይ ያለውን ሽንኩርት ይቆጥር ጀመር። ሙርዛህሜትም በፊቱ ያለውን ሽንኩርት ይቆጥር ነበር፤ እርሱም ባቱሩን ከየት እንዳመጣው ያውቃልና።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ወገን አንድ ድምፅ ተሰማ። «ያ ጦረኛ የእኛ አይደለም» አለች አፓ። «የታናት እናት ኩንቢኬ ናት። ባቱር አልነበረችም፤ ሁለት ላም ነበራት። ታናት ሳቁልን ወለደ፣ ሳቁል ጆላንን፣ ጆላን ቤክሙራትን፣ ቤክሙራት አማቴን ኢስታይን። ይኸው፣ ሁሉንም ጠራኋቸው።»

«ምራት ሆይ!» ብሎ ሽማግሌው ደነገጠ። «የአማትሽን ስም በጉባኤ?»

አፓም ከብብቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «እሱ ነፃ አውጥቶኛል። ፊርማው ያውና፣ ስሜም ተጽፏል። እኔ ካምሻት ነኝ።» ከዚያ ወደ ሙርዛህሜት ዞረች። ሙርዛህሜት ላቡ መጣና ቶሎ ብሎ፣ «ይበቃል አፓ፣ ይበቃል! አምነናል፣ የደም ዝምድና የለንም፣ ሰርጉ ቅዳሜ ይሁን!» አለ።

«ምነው? እኔ እኮ ያን ሥጋ አቀብለኝ ልልህ ነው» አለች።

ሳቁ ጣራውን አናጋው፤ ሽማግሌው ኦራዛሊም ሳይቀር የበጉን ራስ እስኪጥል ሳቀ። ሻይመርደንም ተነሣ። ቃሊ፣ ኢስታይ፣ ቤክሙራት፣ ጆላን፣ ሳቁል፣ ታናት ብሎ ቆጠረ። «ሰባተኛዋ» አለ፣ «ኩንቢኬ።» ማንም አላጨበጨበም፤ ግን ማንም አልሳቀም። መሩየርት ሄዳ የአፓን እጅ ሳመች። የጀግናውም አንጀት ከብዙ ዓመት በኋላ ያን ጊዜ ራሰ።

ወእምዝ ጀግናው የመጨረሻውን ዘመቻ ዘመተ። የታደለውን መጽሐፍ ሁሉ በላዳው እየዞረ ሰበሰበና በታሪክ ጠረጴዛው ላይ ከምሮ፣ በሦስት መቶው ቅጂ ሰባተኛ ገጽ ላይ ባቱሩን በመስመር እየገደለ፣ «ኩንቢኬ» እያለ በእጁ ይጽፍ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን አርባ ገደለ፤ በሁለተኛው ስልሳ፤ በሦስተኛው ቀን ጣቱ አበጠ። «ካምሻት» የሚለውንም ከዳውሌት አጠገብ በኅዳጉ ጨመረ። በአራተኛው ቀን ራውሻን ሻይ ይዛ መጣች፤ ሳህኑንም በአዋጅ በተከለከለው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። አንዱን ቅጂ አንሥታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ፣ ከቃሊ እስከ ሻይመርደን፣ ከሻይመርደን እስከ ኤልዶስ ድረስ አገላበጠች።

«የኤልዶስ አባት» አለች፣ «እኔ ገጽ ስንት ላይ ነኝ?»

ታላቁ ሻይመርደንም፣ የአርባ ሁለት መንደር ቆጣሪ፣ የመዝገብ ቤት ደጆች ሰባሪ፣ የምላሶች ነፃ አውጪ፣ የአይጦች ጠላት፣ ሴትን ሰባተኛ አባት ብሎ በጉባኤ የጠራ የመጀመሪያው ወንድ፣ ክብሩ ከታላስ ውኃ ጋር ይፍሰስ፣ ዝናውም ከመብራቱ ምሰሶ በላይ ይቁም፣ ያበጠውን ጣቱን ላሰና፣ ሦስት መቶውን ቅጂ ከመጀመሪያው እንደገና ከፈተ።